ለፈረንጁ የተነገረ ነገር

ሰው በሚስቱ ይቀናል፣ በጓደኛው ሹመትም ይቀናል። በገዛ አባቱ የሚቀና ጎልማሳ ግን አይታችሁ ታውቁ እንደሁ እንጃ። አስተርጓሚው እንዲያ ያለ ሰው ነበር።

ፈረንጁ የመጣው የአገሩን ፖለቲካና የሰዉን ኑሮ ሊያጠና ነው። መንግሥት ሲለዋወጥ ተራው ሰው እንዴት ቻለው፣ ለምንስ ዝም አለ የሚል መጽሐፍ ይጽፋል። አስተርጓሚው ከቢሮ ቢሮ፣ ከጋራዥ ጋራዥ ይዞት ሲዞር ከረመ። መጀመሪያ ላይ ወዶት ነበር፤ ኋላ አስመረረው። ሰዉ ለጎረቤቱ የማያወጣውን ገመና ለዚህ መንገደኛ ይዘረግፍለታላ! «ምን አስነክቷቸው ነው?» እያለ በሆዱ ይብከነከናል።

ይሄስ ይሁን። ያንገበገበው የአባቱ ነገር ነው። አባቱ በመንግሥት ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ። በድሮው መንግሥት፣ ሠራተኛው ባደመ ሰሞን፣ ታስረው ተፈተዋል። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ጊዜ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ልጅ ሆኖ ጠየቃቸው፤ «ሂድ ተጫወት» አሉት። ጢም አብቅሎ ጠየቃቸው፤ «ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ» አሉት። እናቱም በዚያው ሰሞን ተይዞ የቀረ ወንድሟን ስትጠብቅ ኖራ፣ ማን እንዳስያዘው ሳታውቅ ነው የሞተችው። ታዲያ ፈረንጁ ደጃፉ ላይ ቆሞ በተኮላተፈ አፉ «አባባ» ቢላቸው፣ «ና ግባ፣ እነግርሃለሁ» አይሉት መሰላችሁ!

ፈረንጁ መስኮቱ ስር ያለውን የአስተርጓሚውን ወንበር ያዘ። አባትየው «ድምፄ አይቀዳም» ብለው መቅረጫውን አስነሱትና እስክሪብቶ ብቻ ይዞ ቀረ። የትርጉሙን ደንብ አስተርጓሚው ያውቀዋል፤ ተናጋሪው «እኔ» ካለ እሱም «እኔ» ይላል እንጂ «እሳቸው እንዲህ አሉ» የለም።

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ዓይናቸውን ፈረንጁ ላይ ተክለው ስለ ማተሚያ ቤቱ ጀመሩ፤ መስመሩን ገልብጦ ስለደረደረው ባልደረባቸው፣ ያን ስሕተት ስብሰባ ላይ ሳያይ አንብቦ ስለተዋረደው ሹም። እያወሩ ይስቃሉ። ፈረንጁም ገና ሳይተረጎምለት አብሮ ይስቃል። ልጁ ይህን ሳቅ ከተወለደ ሰምቶት አያውቅም።

ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ግርፋቱን ቻልኩት» አሉ። «ኋላ ግን ‹ልጅህን እናመጣዋለን› አሉኝ። ሕፃን ነበር። የሚስቴ ወንድም የት እንደተደበቀ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ተናገርኩ። ሄደው ያዙት፣ በዚያው ቀረ። ሚስቴ ወንድሟን ስትጠብቅ፣ እኔ አጠገቧ ተኝቼ ዝም አልኩ። ይሄን ይጻፍልኝ፣ ስሜን ሳይደብቅ። ሟቹ ሴት ልጅ አለችው፤ በአፌ አልችልም፣ መጽሐፉን እሰጣታለሁ። አንብባ ትፍረድብኝ።»

ፈረንጁ እስክሪብቶውን አንስቶ ይጠብቃል። አስተርጓሚው አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ ሲለምነው የኖረው ነገር ገና አሁን ጆሮው ገባ፤ ይኸው ሳያላምጠው ሊያስረክብ ነው። ያውም ነገ ሻንጣውን አንስቶ ለሚሄድ ሰው! ደግሞ «እኔ ነኝ ያስያዝኩት» ብሎ በገዛ አፉ? የለም፣ ይሄስ የኔ ነው አለ በልቡ።

«ጊዜው ክፉ ነበር» አለ በፈረንጁ ቋንቋ። «ብዙ ዘመድ አጣን።»

«ይኸው ነው? ብዙ ተናገሩ እኮ» አለ ፈረንጁ።

«ቋንቋችን ረጅም ነው።»

ፈረንጁ ትንሽ አየት አደረገውና ያችኑ ጻፈ። የአባትየውን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ደጋግሞ አመስግኖ ወጣ።

«እንዳለ ነገርከው?» አሉ አባትየው በሩ ሲዘጋ።

«እንዳለ፣ አባባ።»

«እሰይ፣ ተገላገልኩ። በል እንግዲህ፣ ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት አይነሳም። መስማቱንስ ሰማህ፤ ግን ላንተ ብዬ ብነግርህ ጠዋት ማታ ፊትህን የማይበት ዓይን አልነበረኝም። እሱ ሂያጅ ነው፣ ይዞልኝ ይሄዳል።» ያን ቀን ምሳቸውን ጥርግ አድርገው በሉ። ልጁ ግን ጉርሻው አልወርድ አለው። አገኘሁ ብሎ የያዘው ነገር ፍም ሆኖ ቁጭ አለ፤ የማይጠየቅ፣ የማይወራ። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ በእውነትም ፈጀው።

በማግስቱ ጠዋት ፈረንጁ ሳይሄድ ልድረስበት ብሎ ሆቴሉ ደወለ። ሁሉንም ሊነግረው ቆርጧል።

«አባባ እንዴት ናቸው?» አለ ፈረንጁ ገና ድምፁን ሲሰማ። «ትናንት ያዩኝ እንደ ልጃቸው ነው።»

እንደ ልጃቸው! አስተርጓሚው ደሙ ፈላ። ሊል ያሰበው ሁሉ ከምላሱ ተመለሰ።

«ደህና ናቸው። መልካም መንገድ ልልህ ነው» አለና ዘጋው።

አባትየው ከጓዳ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ አሉ። «ማነው?»

«ፈረንጁ ነው። ሰላም በልልኝ ይላል።»

ፊታቸው በራ። «መጽሐፉ መቼ እንደሚደርስ ብትጠይቀው ምናለ? ለልጅቷ ደውዬ ‹የአባትሽን ነገር የያዘ መጽሐፍ ይመጣልሻል› ብያታለሁ። እየጠበቀች ነው።»