ባቡር የሚያልፍበት ማሳ

ቴዎድሮስ ቡሬ ላይ ከተሳፈረበት ባጃጅ ወርዶ ወደ አጎቱ ቤት ሲያቀና ለቅሶ ደራሹ ተበታትኗል። የአጎቱ የወልደ ሥላሴ አንድ ልጅ መልካሙ፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ገደለው፤ እዚያው ተቀበረ። መርዶው ከተነገረ ገና ሳምንቱ ነው።

ከቤቱ በታች ያለውን ማሳ ሙጃ ውጦታል። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ባቡር ሥራ ቻይና ተምሮ በተመለሰ ማግስት፣ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር በሰዓት ተኩል ለሚደርስ ፈጣን ባቡር መስመር ሲለካ፣ ቴዎድሮስ ችካል የተከለው እዚህ ነበር። ያኔ ችካሉ እንዳይነቀል አደራ አለ እንጂ ማረስ አልከለከለም።

«ጋሼ፣ መሬቱ ለምን ጦም አደረ?» አለ፣ እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ።

«ባቡር ሊያልፍበት ነው ብለኸን የለ! የተማረ ልጃችን በለካው ላይ በሬ ልንዳ?» ወልደ ሥላሴ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ዛሬም በባጃጅ መጣህ? ባቡርህን እግሩን አመመው እንዴ?»

«ታዲያ ምን ትበሉ ነበር?»

«በቀረችው አንድ ጥማድ ገፋናት። አልበቃ ስትል ጊዜ መልካሙ አጨዳ ወረደ።»

ቴዎድሮስ አንገቱን ደፋ። መስመሩ ከተሰረዘ ሦስት ዓመት አልፎታል። አዲስ አበባ ቢሮው ቁጭ ብሎ ደብዳቤውን አንብቧል፤ እዚህ መደወል ግን ትዝም አላለው።

«ባቡሩ ቀርቷል ጋሼ። ሦስት ዓመት ሆነው። አልነገርኩዎትም።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ሳቡት።

«ለደስታነሽ እንዳትነግራት» አሉ፣ ሚስታቸው ያሉበትን ጓዳ እያዩ። «መኪና ጠላቷ ነው፤ ቡሬ ሳትደርስ አስመልሷት ትወድቃለች። ባቡር አይንጥም ያልካት አንተ ነህ። መቃብሩን በባቡር ሄጄ አያለሁ ብላ ነው ትናንት እህል የቀመሰችው።»

ደስታነሽ ከጓዳ ወጡ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል።

«መጣህልኝ የኔ ልጅ? እስቲ ንገረኝ፣ ባቡሩ መተማ ድረስ ይሄዳል?»

ቴዎድሮስ አጎቱን አየ። አጎቱ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ባሕር ዳር ድረስ ነው፣ እትዬ። ከዚያ ወዲያ እኔ አደርስዎታለሁ።»

«ለሙት ዓመቱ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

ደስታነሽ ጎንበስ ብለው እጁን ሳሙት። ደንግጦ ሊያሸሽ ቢል በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙት፤ አልለቀቁትም።