የአጨዳ ኪኒን

«እታለም፣ ይችን ዋጥ አርጊያትማ። ወገብሽን ፈታ ታደርግልሻለች» አለ ጌታነህ፣ ከኮቱ ኪስ ያወጣትን ሮዝ ኪኒን በእህቱ መዳፍ ላይ እያስቀመጠ።

ትርሲት የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዘች ድንኳኑ መሀል ቆማ ቀረች። ጉድ እኮ ነው! ወንድሟ አበባው ከተቀበረ ገና ሰልስቱ ነው፤ አፈሩ እንኳ አልደረቀም። አጎቷ ግን ልጁን የበላችውን ኪኒን አምጥቶ ለእናቱ ይሰጣል። ያውም ደም ግፊት ላለባት እናቱ፣ ያውም በደግነት! ሰውየው ክፉ ቢሆን ምንኛ በቀለላት። ድንኳኑን የተከለው፣ እንግዳውን የሚያስተናግደው፣ ከቀብሩ ወዲህ አረፍ ያላለው እሱ ነው።

«አጎቴ፣ ምንድን ነው የሰጧት?»

«የወገብ ናት። ደረቷን ስትደቃ፣ መሬት ላይ ስትቀመጥ ሰንብታ ወገቧ ተያዘ፤ አታያትም?»

እናቷ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ኪኒኗን ጨብጣ ውኃ እስኪመጣላት ትጠብቃለች። ከጎኗ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሹክሹክታቸውን አላቋረጡም።

«በሚካኤል ዕለት ስንዴ ሲያጭድ ውሎ ነው አሉ የተቀሠፈው።»

«እኔስ እሱን ሰምቼ አይደል ዝም ያልሁ!»

ትርሲት ይህን ስትሰማ ጥርሷን ነክሳ ሰንብታለች። ሚካኤል ሥራ አጥቶ ነው አንድ ደሀ ገበሬ የሚቀሥፍ? የማያውቁትን ከማውራት ዝም ቢሉ ምን አለ?

አበባው አንድ ጊዜ የምታስተምርበት ኮሌጅ ድረስ ሊጠይቃት ሄዶ ነበር። ቤተ ሙከራ አስገብታ ስስ የኩላሊት ቁራጭ በማይክሮስኮፕ አሳየችው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

«ይኼ የክር ልቃቂት ምንድን ነው?»

«ደም ሥር ነው፤ ከፀጉር የቀጠነ። ደሙ በአንዱ ቀጭን ሥር ይገባል፣ ልቃቂቱ ውስጥ ይጣራል፣ በሌላው ይወጣል። መግቢያው ከመውጫው ሰፋ ይላል፤ ደሙ ተገፍቶ የሚጣራው ለዚያ ነው።»

«እንደ መስኖ በያት! መግቢያውስ ቢጠብ?»

«ልቃቂቱ ውኃ እንዳጣ መደብ ይደርቃል። አንዴ ከደረቀ ደግሞ ሌላ አይበቅልም።»

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጥልፍ ወገቤ ላይ አስቀምጨ ነው ኩንታል የምሸከምበት?» አለና ሳቀ። ተማሪዎቿም አብረውት ሳቁ።

ያን ቀን ኪሱ ውስጥ ኪኒኗ እንደነበረች አልነገራትም። ምን ብሎ ይነግራታል? በእነሱ ቀበሌ ሁሉም የሚውጣት ናት። በቅርብ ዓመታት የመጣ ልማድ ነው፦ ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ብቻ አያቀርብም፤ አጫጁ ወገቤን ብሎ እንዳይቀመጥ ኪኒንም ያድላል። ያላደለ ንፉግ ተብሎ ይታማል። ጌታነህ ደግሞ በንፉግነት ታምቶ አያውቅም። አበባው ጎበዝ አጫጅ ነበርና ከደቦ ደቦ ሲዞር፣ ውኃ ሳይቀምስ ፀሐይ ላይ ሲውል፣ አጨዳው አልቆም ወገቡ አልተወው ሲል፣ ኪኒኗን እንደ ቆሎ ለመዳት።

ፊቱና እግሩ ሲያብጥ ብርድ ነው ተባለ። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ነበር። ምን ስትወስድ ከረምህ ሲባል ኪሱን ፈትሾ ሮዟን ኪኒን አወጣ። ትርሲት አጠገቡ ቆማ ነበር። የልቃቂቱን መግቢያ ስታጠብብ የከረመችው ኪኒኗ እንደሆነች ያኔውኑ ገባት።

ውኃው መጣ። ሐረገ ወይን እጇን ወደ አፏ አነሣች።

«እማ፣ እንዳትውጫት!»

ሰፌዱ ወደቀ፤ ንፍሮው ተበተነ።

«ሚካኤልን ተዉት! ወንድሜን የገደለው መቅሠፍት አይደለም፣ ይች ኪኒን ናት! በየደቦው እንደ ጸበል የምትታደለው! ኩላሊቱን ያደረቀችው እሷ ናት። አጎቴ፣ አሁን ደግሞ እናቴን ነው?»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ታላቅሽ ናቸው፤ ደግሞ በልቅሶ ቤት!» አለች አንዷ ሴት።

«ስሙኝ እንጂ! ልቅሶው ሲያልቅ እኮ ደቦ ልትሄዱ ነው!»

ጌታነህ ወንበሩን ዳብሶ ተቀመጠ። «እኔ? እኔ አበባውን?» አለ። ከዚያም ድምፁ አንሶ፣ «እኔም እኮ እውጣታለሁ» አለ።

ትርሲት ገና አልበረደላትም። ብዙ የምትለው ነበራት።

«ትርሲትዋ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «ማታ ማታ ወገቤን እያለ ሲገባ፣ ኪኒኗን ከውኃ ጋር የማቀብለው እኔ ነበርሁ።»

ትርሲት አንቺ ምን ታውቂያለሽ ልትላት አፏን ከፈተች። አጎቷስ ምን ያውቃል? መልሳ ዘጋችው። ያ ሁሉ ቁጣ የሚያርፍበት ሰው አጣ።

እናቷ ፊት ተንበረከከችና የተጨበጠውን እጅ ጣት በጣት ፈታችው። ኪኒኗ በላብ ሟሙታ ሮዝ ቀለሟ መዳፉን ሞልቶታል። ትርሲት የነጠላዋን ጫፍ በቀረበው ውኃ ነክራ ጠረገችው። ቀለሙ አልለቅ አላት። እንደገና ነከረችና ጠረገች።