የሻለቃ ወልደገብርኤል ባትሪ

ኦጋዴን ላይ ጦርነቱ በተፋፋመበት በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ነገሌ ላይ ለመታሰር ትልቅ ጥፋት አያስፈልግም ነበር። የሻለቃ ወልደገብርኤል ጂፕ ከአዲስ አበባ በመጡ እንግዶች ፊት አልነሳም አለች፤ ወታደሮች እየገፉ ከሜዳው አወጧት። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። የጦሩ የፖለቲካ ኮሚሳር ግን «አሻጥር ነው» አለ። ቀጥሎ የጠየቀው ባትሪውን ማን ቻርጅ እንዳደረገው ነበር።

ቻርጅ ያደረገው ራሺድ ነው፤ ገበያው ጥግ ባለችው የአባቱ ሱቅ ጓሮ ባትሪ የሚሞላና የሚጠግን ሰው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሞልቶ አስረክቧል። ጠዋት ሁለት ወታደሮች ሊወስዱት ሲመጡ ሚስቱ ሸምሳ በር ላይ ቆማ «ናጋን ጋሊ፣ በሰላም ግባ» አለችው። በዚያ ወር ከሰፈራቸው ሦስት ነጋዴዎች ሰርጎ ገብ ተብለው ተወስደዋል፤ የተመለሰ የለም። ራሺድ መሣሪያውን በጆንያ ይዞ ሲከተላቸው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማታ ቤቱ መግባት።

ጦር ሰፈሩ ግቢ ውስጥ ጂፗ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። በአንድ ወገን ኮሚሳሩ፣ ሽጉጡን ትናንት እንደተገዛ ሰዓት ደጋግሞ የሚነካካ ጎረምሳ። በሌላው ወገን ሻለቃው፣ ጸጉራቸው የሸበተ። ከኋላቸው ሹፌራቸው ሃምሳ አለቃ ጉግሳ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ችግሩን ፈልግ» አለ ኮሚሳሩ። «ካላገኘኸው ችግሩ አንተ ነህ።»

ራሺድ የባትሪውን ገመዶች ነቀነቀ፤ ጠብቀዋል። ምናለ አንዱ ላልቶ በተገኘ። የዲናሞውን ቺንጋ ጫን አደረገ፤ ደህና ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ደህና ነው። ደህና የሆነው ነገር በበዛ ቁጥር የእሱ ነገር እየከፋ ሄደ። የቀረው ባትሪው ብቻ ነው። የባትሪውን ስድስት ቤቶች ክዳን ፈታና የአሲዱን ኃይል በምትለካው የብርጭቆ ቱቦ ከየቤቱ እየመጠጠ አየ። አንደኛው ቤት ሙሉ ነው፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ሞቷል። አምስተኛውና ስድስተኛውም ሞተዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ባትሪ ሲደክም ሁሉም ቤት አብሮ ይደክማል፤ ወይም አንዱ ተበላሽቶ ሌላው ይተርፋል። ልክ ግማሹ ሲሞት ግን ግራ ያጋባል። ግራ ተጋብቶ ሳለ ነው ጮክ ብሎ «መኪናዋ የት ነው የምታድረው?» ያለው።

«ሻለቃ ግቢ» አለ ጉግሳ።

ጥያቄው ካፉ ከወጣ በኋላ ምልክቱን አየ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ቤት በሚያገናኘው እርሳስ ላይ ሽቦ ለመቀጠል የተመታ የምስማር ቀዳዳ አለ፤ መጨረሻው ጫፍ ላይም እንዲሁ። ሦስት ቤት ስድስት ቮልት ይሰጣል፤ ስድስት ቮልት ደግሞ አራት የሬዲዮ ድንጋይ ማለት ነው። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ የሬዲዮ ድንጋይ ከሱቅ ጠፍቷል። ሻለቃው ሬዲዮአቸውን ከጂፗ ባትሪ ላይ እየቀጠሉ ሲያዳምጡ ከርመዋል። የአዲስ አበባውን ቢሆን መኮንኖች ክበብ ተቀምጠው ይሰሙት ነበር፤ ተደብቆ የሚሰማው የሞቃዲሾው ነው። ሞቃዲሾን ሲሰማ የተገኘ መኮንን ይረሸናል።

ቀና ሲል ከሻለቃው ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። ራሺድ ፈራ፤ ለሳቸውም ለራሱም ፈራ። አንድ ባትሪ ጠጋኝ ሻለቃን በምስማር ቀዳዳ ከሶ በሰላም ቤቱ ሊገባ?

«አገኘኸው?» አለ ኮሚሳሩ።

«መንገዱ ነው፣ ጓድ። አራተኛው ቤት ውስጥ ያለው ማያያዣ እርሳስ በንዝረት ተሰብሯል። የማንም ጥፋት አይደለም።»

«ክፈተውና አሳየኝ።»

ይህን አላሰበበትም። እሳት አስለኩሶ ቢላዋ አጋለና ባትሪውን ከላይ የደፈነውን ሬንጅ መቁረጥ ጀመረ፤ በዚያው የምስማሮቹን ቀዳዳ ፋቀ። ኮሚሳሩ አሲዱ ዩኒፎርሙን እንዳይበላበት ሁለት እርምጃ ሸሸ። ራሺድ ስለ ሁለቷ እርምጃ አላህን አመስግኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። የሞተ ቤት አሲድ ደካማ ነው ይባላል፤ ሬንጁ ያቃጠለውን ጣቱን ግን ለበለበው። ጤነኛውን እርሳስ በፒንሳ ያዘ፤ ድምፁ እንዳይሰማ እየሳለ ሰበረው። ቁራጩን አውጥቶ አሳየ።

ኮሚሳሩ አገላብጦ አየው። ቢያገላብጠውስ ምን ሊገባው! የገባው ሰው መስሎ ራሱን ነቀነቀና «መንገዱ ነው» ብሎ ሄደ።

ሻለቃው ምስጋና የሚባል አልወጣቸውም። ጉግሳን ለብቻው ጠርተው ጥቂት ቃል በጆሮው ነገሩትና፣ ሰው እንዲሰማ «ሰውየውን ቤቱ አድርሰው» አሉ።

በሌላ መኪና ወጡ። ራሺድ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ደስታው ሕመሙን አስረስቶት፣ ለሸምሳ የሚነግራትን ያሰላስል ነበር። ጉግሳ የገበያውን መታጠፊያ አለፈው።

«አለፍከው እኮ» አለ ራሺድ።

ጉግሳ ነዳጁን ረገጠ። የከተማዋ የመጨረሻ ቤት አለፈ፤ ግራርና ቀይ አፈር ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ራሺድ ነገሩ ገባው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ምንም አላየሁም። በልጆችህ ይዤሃለሁ።»

«አይተሃል። ማየትህን ሻለቃም ያውቃሉ።» ጉግሳ መኪናውን አቆመ። «የታዘዝኩት እዚህ እንዳስቀርህ ነው። አላደርገውም። ከፊታችን ወደ ሜጋ የሚወርዱ ባለ ግመሎች አሉ፤ እነሱ ጋ አደርስሃለሁ፤ ከዚያ የኬንያን ድንበር ተሻገር። ነገሌ ከታየህ ሁለታችንም አለቅን።»

ራሺድ አለቀሰ። በሕይወት በመኖሩ ይሁን፣ ቤቱ ባለመግባቱ፣ ለራሱም አልለየለትም። «ሸምሳን ደህና ነው በላት» አለ። «ለሷ ብቻ፣ በድብቅ።»

ጉግሳ ማርሽ አስገባ። ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

«ሞቷል ብዬ ነው የምነግራት» አለ። «ጎረቤት እስኪሰማ ካላለቀሰች ሻለቃ አያምኑኝም።»