የዳኛው ግራ እጅ

አራት ጊዜ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኛለሁ፤ በአራቱም አንድ ቡጢ አልቀመስኩም። ይህን ስናገር ሰው ፍጥነቴን ያደንቃል። እውነቱ ግን ተጋጣሚ አልነበረኝም። በእኛ አካባቢ ቦክስ የቀጫጭኖች ጨዋታ ነው። ሃምሳና ሃምሳ አምስት ኪሎ ላይ ልጁ ሁሉ ተሰልፎ ይደባደባል፤ ከሰማንያ በላይ ግን የሚመዘገብ የለም። እኔ ደግሞ ሰባ ዘጠኝ ነበርኩ። አሰልጣኜ "ሦስት ሃይላንድ ውሃ ጠጣና ሚዛኑ ላይ ውጣ" አለኝ። ጠጣሁ፣ ወጣሁ፣ ከባድ ሚዛን ሆንኩ።

ሪንግ ላይ ውሃው ሆዴ ውስጥ እየተንቦጫቦጨ ቆምኩ። ዳኛው ተቃራኒውን ጥግ አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እጄን አነሳ። በፎርፌ አሸነፍኩ። በዓመቱም እንደዚሁ፣ በሦስተኛውም እንደዚሁ። በአራተኛው ዓመት የምፈራው ሽንቴ እንዳያመልጠኝ ብቻ ነበር።

ቦክሱን ስተው ከከተማችን ወደ ወለንጪቲ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፈትኩ። አራቱን ፎቶዎች ከኮምፕሬሰሩ በላይ ሰቀልኳቸው። የጂቡቲ መስመር ሾፌር ጎማው እስኪለጠፍ ምን ይሥራ? ሻዩን ይዞ ግድግዳውን ያያል። "አንተ ነህ እንዴ?" ይለኛል። "ነኝ" እላለሁ። "እስቲ አጫውተን" ይላል። ታዲያ ውሃ ጠጣሁ ልበለው? የሞጆውን ጠብደል በሁለተኛው ዙር ጣልኩት። የአሰላውን መንጋጋ አዛነፍኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ።

የከበደው ከሦስተኛው ግጥሚያ ጀምሮ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የወለንጪቲ ሾፌር ታሪኩን ሲሰማ ቆይቶ፣ "ከእኛ ከተማ ቦክስ ብሎ ከቤት የወጣ አንድ ረጅም ግራኝ ልጅ ነበር፤ እሱ ይሆን እንዴ?" አለኝ። "እሱ ነው!" አልኩት። ምን ቸገረኝ? ሾፌሩም ደስ አለው፣ እኔም ስም የሚያክል ነገር አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ተጋጣሚዬ የወለንጪቲው ግራኝ ሆነ። በመጨረሻው ዙር ከጆሮው ሥር አሳርፍበታለሁ፤ በቃሬዛ ይወጣል። "ሞተ እንዴ?" ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ የጎማውን ከመነዳሪ መፈተግ እቀጥላለሁ። ሞተ ብዬ አላውቅም። ዝም ማለት ከመዋሸት የሚሻል መስሎኝ ነበር። ሾፌሮቹ ያን ዝምታዬን ከጭነታቸው ጋር እስከ መተሐራ፣ እስከ አዋሽ ወሰዱት።

ባለፈው ጥር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ በትር የያዙ ሽማግሌ በእግራቸው መጡ። መኪና የሌለው ሰው ጎሚስታ ምን ሊያደርግ ይመጣል?

"አካም ጂርታ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

"ፈያ፣ አባቴ። ምን ልታዘዝ?"

"ቦክሰኛው ሰይፈሚካኤል አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ሀሰን እባላለሁ፤ ከወለንጪቲ ነው የመጣሁት። የጃዕፈር አጎት ነኝ።"

"የቱ ጃዕፈር?"

"ግራኙ" አሉ።

የመኪና ማንሻው ክሪክ ከእጄ ወድቆ እግሬን መታኝ፤ ሕመሙ የተሰማኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

"ልጁ ከቤት ከወጣ ሰባት ዓመት ሆነው። የአንተን ወሬ ከሰማን ደግሞ ዓመት አለፈ። በእኛ ወግ ደም ያፈሰሰ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ጨዋታም ይሁን ጠብ፣ ደም ደም ነው፤ ጉማ፣ የደም ካሳ አለው፤ እርቅ አለው። ዓመት ሙሉ ጠበቅን፤ አንድ ሰው አልላክህም። ስለዚህ እኛ መጣን። ቅዳሜ እናቱን ይዤ እመለሳለሁ፤ የምትጠይቅህ ነገር አላት።"

"ባልገኝስ?" ይህን ያለው አፌ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

"የጃዕፈር ወንድሞች አራት ናቸው" አሉና በመጡበት ሄዱ።

ያን ጊዜውኑ ተከትያቸው ሮጬ እውነቱን ብናገር ኖሮ! ግን ፈራሁ። ውሸታም መባልን ፈራሁ፣ አለመታመንን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ እነዚያን ያላየኋቸውን አራት ወንድሞች ፈራሁ። ሰው ተመትቶ አያውቅም ማለት መመታት አይፈራም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የማያውቀውን ነው አብዝቶ የሚፈራው። ሐሙስ ዕለት ባጃጅ ደጄ ላይ ቆሞ አራት ጎረምሶች ዱብ ዱብ ሲሉ ከተሳቢ ሥር ገባሁ። ጎማ ሊያስነፉ ነበር የመጡት። "ሻምፒዮን፣ ምን ጠፍቶህ ነው?" አሉኝ። "ብሎን" አልኩ፤ ብሎን ፍለጋ ግማሽ ሰዓት እዚያው ተኛሁ።

ዓርብ ዱከም ያለው የአክስቴ ልጅ ዘንድ ለመሸሽ ቆረጥኩ። ልብሴን በፌስታል ስከት ባለቤቴ ዘርፉ በሩ ላይ ቆመች።

"ወዴት ነው?"

ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም፤ ዘረገፍኩት። ውሃውን፣ ፎርፌውን፣ ግራኙን፣ ሽማግሌውን። "ሰው አልገደልኩም ዘርፉ። እንኳን ልገድል ነክቼ አላውቅም" አልኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

"በወር በወር በሃያ አንድ ማርያም ሄጄ ጧፍ የማበራው ለማን ይመስልሃል?"

"ለእኛ ነዋ።"

"ለዚያ ልጅ ነፍስ ነው። ለሾፌሩ ስታወራ በሩ ጀርባ ሆኜ ከሰማሁ ጀምሮ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሰይፉ፣ እጅህ ፊቴን ሲነካኝ ይህ እጅ ነው እያልኩ ስፈራህ ኖርኩ።"

ከወንድሞቹ ይልቅ ይህች ቃል ጎዳችኝ። በእኔ ግምት ሚስቴ የምትኮራብኝ፣ ሲደክመኝ ትከሻዬን የምታሽልኝ ሻምፒዮን ነበርኩ፤ ለካስ ዘርፉ ቤቷ ውስጥ የምትፈራው ሰው እኔው ነኝ።

"በል ዱከም ሂድ" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። "ከሸሸህ ግን ያን ጊዜ በእውነት ገደልከው።"

ፌስታሉን መልሼ ፈታሁት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ወንድሞቹ አስፋልቱ ዳር ቀሩ፤ አራቱም ረጃጅም ናቸው፣ አራቱም እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። አቶ ሀሰን እናትየውን ደግፈው አስገቧት። ሑስና ትባላለች፤ የእነዚያ አስፈሪ ልጆች እናት የማትመስል ትንሽ ሴት ነበረች። ዘርፉ ወንበር ሰጠቻት። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ቀኝ እጄን ጠየቀችና ሰጠኋት፤ ግሪስ ያለበትን ገልብጣ ገልብጣ አየችው።

"በዚህ ነው?"

ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አየሁ።

"መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረኝ" አለች። "ልጄ ፈርቶ ነበር?"

እውነቱን ልናገር ወስኜ የቆምኩ ሰውዬ፣ በዚያች ሰዓት ተፈተንኩ። "አልፈራም፤ እንደ ወንድ ነው የወደቀው" ብላት ትጽናናለች። እርቁም ይወርዳል፣ ወንድሞቹም ይሄዳሉ፣ እኔም ገዳይም ብሆን ሻምፒዮን ሆኜ እቀራለሁ። ታሪኩ ምላሴ ላይ ነበር፤ መቼም እንደ እሱ የለመድኩት ነገር የለም። ዘርፉን አየኋት። እሷ ደግሞ እጄን ነበር የምታየው።

"የፈራሁት እኔ ነኝ፣ እማማ" አልኩ። ወንበር ላይ ቆሜ አራቱን ፎቶዎች አወረድኳቸውና ለአቶ ሀሰን ሰጠኋቸው። "ዳኛ ውጤት ሲናገር መሐል ይቆማል። በአንድ እጁ የአንዱን፣ በሌላው የሌላውን ተጋጣሚ እጅ ይይዛል። የዳኛውን ግራ እጅ ይዩልኝ።"

መነጽራቸውን አወጡ። በመጀመሪያው ፎቶ የዳኛው ግራ እጅ ኪሱ ውስጥ ነው። በሁለተኛው ጆሮውን ያክካል። በሦስተኛው እንዲሁ ተንጠልጥሏል። በአራተኛው የእኔን ሃይላንድ ይዞልኛል። ስንት ዓመት ስንት ሰው ያየው ግድግዳ፣ አንድ ሰው እንኳ ልብ አላለውም።

"እና ጃዕፈር?" አሉ አቶ ሀሰን።

"አይቼው አላውቅም። ሾፌር ነው የነገረኝ፤ እኔ አዎ አልኩ።"

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። በትሩ ሲነሳ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ምት ይኸው መጣ አልኩ። ጠበቅኩ። የመጣው ግን ግንባሬ ላይ ነው፣ ለስላሳና እርጥብ። እናትየዋ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ እየሳመችኝ ነበር።

"አልሐምዱሊላህ! ጃዕፈር ኮ! የኔ ጃዕፈር! ልጄ አልሞተም!" እልልታዋን ወንድሞቹ ሰምተው ሮጠው ገቡ። እሷ እየሳቀችና እያለቀሰች "አልሞተም፣ ይኸው አልሞተም" ትላቸዋለች፣ እኔን እያሳየች፣ ልክ እኔ ከሞት ያመጣሁላት ይመስል። ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ዳንኩ አልኩ በልቤ።

ሲወጡ አቶ ሀሰን ወደ ኮምፕሬሰሩ ጠጋ አደረጉኝ።

"ልመታህ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ስድስት ዓመት በየመናኸሪያው ፎቶውን ይዛ ስትዞር ኖረች። ሞተ ሲባል ዱዓ አስደረግንለት፤ አለቀሰችና ወጣላት። ከዚያ እህል መቅመስ ጀመረች፣ እንቅልፍ መጣላት። ዛሬ የመጣችው መቃብሩ የት እንደሆነ ልትጠይቅህ ነበር። አሁን ነገ ተነስታ መናኸሪያ ትሄዳለች።"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"ሾፌሩን ሁሉ የምታውቀው አንተ ነህ" ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማወራው ግጥሚያ የለኝም፤ ለቆመ መኪና ሁሉ የምጠይቀው ስለ አንድ ረጅም ግራኝ ልጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሑስና ትደውላለች። "ልጄ፣ ተገኘ?" ትላለች። "ገና ነው፣ እማማ" እላለሁ። ስልኩ ሲጮህ ዘርፉ እጄን ትይዘኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ የተሳቢ ሾፌር ጎማ እየጠበቀ ጥያቄዬን ሰማኝ። "መተሐራ ጭነት የሚያወርድ አንድ ልጅ አለ" አለ።

"ግራኝ ነው?"

"አዎ፣ ግራኝ ነው።"

"ረጅም?"

"አዎ፣ ረጅም።"

"ጃዕፈር ይሉታል?"

"አዎ፣ እሱ ነው!" አለና ሻዩን ፉት አለ። "አዎ" አባባሉን አወቅኩት። የእኔው ነው። እውነቱን ይሁን ምን ቸገረኝ ብሎ ይሁን ፊቱን ባየው ባየው መለየት አቃተኝ። ስልኩ ጮኸ።

"ልጄ፣ ተገኘ?"

"ገና ነው፣ እማማ" አልኩ።

ከዚያ ልጁን በዓይኔ አይቼ ላረጋግጥ ጎሚስታውን ዘግቼ ከሾፌሩ ጋር ጋቢና ገባሁ። ድሮ ሪንግ ላይ ስወጣ የምፈራው ተቃራኒው ጥግ ላይ ሰው እንዳይመጣ ነበር። ወለንጪቲን አልፈን ወደ መተሐራ ስንወርድ ግን የምፈራው ያ ጥግ ባዶ እንዳይሆን ነው። ሾፌሩ "ቦክሰኛ ነበርክ አሉ፤ እስቲ አጫውተኝ" አለኝ። "ተጋጣሚ አልነበረኝም" አልኩትና መንገዱን አየሁ።