የጣቢያው የመጀመሪያ መቃብር

«ወንድሜን በረሃ ላይ ብቻውን ጣላችሁት!» አሉ ጋሼ ሐሚድ፣ ገና ከድንኳኑ ሳይገቡ። ከማጀቴ ሲነሱ የጀመሩት ለቅሶ ጣቢያ ከሚባለው ሰፈር ሲደርሱ ቁጣ ሆኗል። መርዶው ዘግይቶባቸው የታናሽ ወንድማቸው የሱሌይማን ቀብር ትናንት አምልጧቸዋል።

የሱሌይማን ሚስት ሩቂያ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። መልስ ነበራት፤ እሷኑም አላጽናና አላት እንጂ።

«የአባቶቹ መቃብር እያለ! ማጀቴ አፈር ጠፋ?»

«የራሱ ቃል ነው፣ ጋሼ። እዚሁ ቅበሩኝ አለ።»

«የታመመ ሰው ምን የማይለው አለ? አንቺስ እሺ ትይዋለሽ?»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ውሃ ይቅመሱ፤ ከዚያ ይቆጡናል» አለች ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታቸው ለምለም፣ ብርጭቆ እያቀበለቻቸው። ጠጡ፤ ተቀመጡ፤ ከዚያ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ጣቢያ ማለት ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በሐዲዱ ዳር የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋ ሱሌይማን ጠጠር ከሚያለብሱት ሠራተኞች አንዱ ነበር። ሥራው አልቆ ሌሎቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ፣ እሱ በሬውን ሸጦ ቆርቆሮ ገዛ። የሰፈሩን የመጀመሪያ ቤት ሠራና በሩን ወደ ሐዲዱ አዞረው። ሐዲዱ ያለው ደግሞ በምዕራብ በኩል ነው። በይፋት ቆላ ደጃፉን ለከሰዓት ፀሐይ የሚሰጥ ጤነኛ ሰው የለም።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትጠብሰን ነው?» ብላው ነበር ሩቂያ።

«ታዲያ ባቡሩ ሲመጣ ጀርባችንን ሰጥተን እንቀበለው?»

ከእሱ በኋላ የመጡትም ሁሉ፣ ወግ መስሏቸው ይሁን ወይ አፍረው፣ በራቸውን ወደ ሐዲዱ አዞሩ። ከሰዓት ሲሆን ሰፈሩ በሙሉ ግንባሩን ቋጥሮ ይውላል። ባቡሩ ግን አልመጣም። ዘንድሮ ተባለ፤ ከርሞ ተባለ፤ መሐል ላይ ጦርነቱ መጣና ገሚሱን ሰው በተነው። ሱሌይማን ማንም ሳይቀጥረው ሐዲዱ ላይ የተከመረውን አሸዋ ሲጠርግ ኖረ። ሩቂያ ስትስቅበት አብሯት ይስቅ ነበር። አሁን ከሁሉ በላይ የናፈቃት ያ ሳቁ ነው።

የማያስቀው አንድ ነገር ነበር። ጣቢያ ውስጥ ሰው ሲሞት ሬሳው በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ትውልድ ቀዬው ይሄዳል። «እንግዶች ነን እኮ፣ ሩቂያ» ይላት ነበር፣ መኪናው ያስነሳውን አቧራ እያየ። «ሙታችንን የማንተውበትን አገር፣ አገራችን ነው እንላለን? እኔን ማንም እንዳያነሳኝ።»

እሱ ሲሞት ጎረቤቶቹ እንደ ልማዳቸው መኪና ሊፈልጉ ተነሱ። ቃሉን ነግራ ያስቀረቻቸው እሷ ናት። ወንዶቹ ጀናዛውን ተሸክመው ከሐዲዱ ማዶ ወዳለው ጉብታ ወጡ። እሷ በሴትነቷ አልተከተለችም፤ ዒዳ የሚባለው የሐዘን ጊዜዋ እስኪያልቅም ከቤቷ ርቃ አትሄድም። የባሏን መቃብር አላየችውም። ከጎኑ ሌላ መቃብር እንደሌለ ግን ታውቃለች።

«ዒዳሽን ስትጨርሺ ማጀቴ ትመጫለሽ» አሉ ጋሼ ሐሚድ፣ ለቅሷቸው በረድ ሲል። «ቤቱን እናፈርሰዋለን። ከእንግዲህ እዚህ ማን አለሽ?»

ሩቂያ ወደ ለምለም አየች። ለምለም አንገቷን ደፋች፤ እሷም ሸዋ ሮቢት ቤት እያፈላለገች እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል።

«ሁላችንም ስንሄድ እሱ ከማን ጋር ይቀራል?» አለች ሩቂያ። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት፣ ጋሼ። ቃሉን ላክብር ብዬ በደልኩት መሰለኝ። ወላሂ፣ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

ጋሼ ሐሚድ ከዘራቸውን አነሱና መቃብሩን እንድታሳያቸው ለምለምን ጠየቋት። ለምለም ወዲያው ብቻዋን ተመለሰች። «ሂጂ አሉኝ» አለች። «እዚያ ተንበርክከው ድንጋይ ይለቅማሉ።»

ሽማግሌው የመጡት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ድረስ አፈር ለብሷል።

«ጎኑን አጸዳሁት» አሉ። «እሾኹንም ነቀልኩት። በቁመቴ ልክ።»

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«የእኔን ቦታ ነዋ። ልጆቼ ከማጀቴ እዚህ ድረስ ያምጡኝ፤ እነግራቸዋለሁ።» ወደ ጉብታው ዞረው አዩ። «ልጅ ሆነን ብቻውን መተኛት ይፈራ ነበር። እኔ ጉያ ነበር የሚያድረው።»

ለምለም ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሩቂያ ተነሥታ በጆግ ውሃ አመጣችና ጋሼ ሐሚድን ታስታጥባቸው ጀመር። ውሃው ከጣቶቻቸው መሐል ቀልቶ ወረደ። ያላየችው የባሏ መቃብር አፈር ነው። በቀኝ እጇ እያፈሰሰች፣ ግራ እጇን ከሥር ዘርግታ ተቀበለችው።