ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ግቡ

ዘመናይ የይለፍ ደብዳቤውን ከርዕሰ መምህሩ ከአቶ ሞላ እጅ መንትፋ ወሰደችው ማለት ይቻላል።

«ነገ ማለዳ መኪና አለ፤ ወንበር ይዣለሁ» አለች፣ ማህተሙን ዝናብ እንዳያበላሽባት በፌስታል እየጠቀለለች።

«እሁድን ብትጠብቂስ?» አሉ አቶ ሞላ።

«እሁድን ለምን?»

«ዝናቡም ቀለል ይላል… መንገዱም…»

«የሐምሌ ዝናብ እሁድን ያውቃል እንዴ ጋሼ?»



የምትሄድባት ድባጤም እንደምታስተምርባት አሶሳ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ነው። ግን ከአሶሳ ድባጤ ለመድረስ ከክልሉ ወጥቶ፣ በነቀምት አድርጎ፣ በቡሬና በቻግኒ ዞሮ ተመልሶ ወደ ክልሉ መግባት ነው። ኮሮና መጥቶ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ያለ ደብዳቤ የሚያሳልፍ ኬላ ጠፋ። ዘመናይ የታመመ አባቷን ለማየት «ከክልሌ ወደ ክልሌ ነው የምሄደው» እያለች ሃያ ቀን ከቢሮ ቢሮ ተንከራታለች። አንዱ ምርመራ አምጪ ይላል፤ ስታመጣ ሌላው ጊዜው አልፎበታል ይላል። ሁሉንም ተሟግታ ረታች። አቶ ሞላም አብረዋት ሲለፉ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ እግራቸው ከበደ።

ወደ ቤቷ እየሄደች ድባጤ ላለው ወንድሟ ለደባልቄ ደወለች።

«ነገ እነሳለሁ። አባባን አገናኘኝ።»

«ተኝቷል እኮ ዘሙ።»

«ትናንትም ተኝቷል፣ ከትናንት ወዲያም ተኝቷል። ቀስቅሰዋ!»

«ኔትወርኩ… አይሰማም…»

ስልኩ ተዘጋ። ልቧ ጠረጠረ፤ ለምን ጠረጠርክ ብላ ልቧን ተቆጣችው። አባቷ አምባው የእሷ ስልክ ሲጮኽ ከሰው እጅ ቀምቶ፣ «እናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?» ሳይል ሰላምታ እንኳ የማይሰጥ ሰው ነው። ቢታመምም እንዲህ አይተኛም።

አከራይዋ ወይዘሮ ኢቲዳል በረንዳቸው ላይ ለውዝ እየፈለፈሉ ነበር። ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ካወሩ ወር አልፏቸዋል። የወይዘሮ ኢቲዳል ባል ባቢከር የሞተ ዕለት ግቢው በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። የቀበሌው የኮሮና ኮሚቴ አባል የሆነችው ዘመናይ በገዛ ግቢዋ ሜጋፎኗን አንግታ ወጣች፤ «ከአራት ሰው በላይ ክልክል ነው! ተበተኑ!» አለች። ሰዉ ተበተነ። ወይዘሮ ኢቲዳል ብቻቸውን ቀሩ። ዘመናይም ሕግ ሕግ ነው ብላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለውን ተረት ለተማሪዎቿ ስታስተምር፣ ስለ እሷ የተተረተ አልመሰላትም ነበር።

ዛሬ ወይዘሮ ኢቲዳል የለውዙን ሰፌድ አስቀምጠው ተነሡ።

«ዘመናይ፣ ና። እዚህ ቁጭ በል።»

ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት፤ አማርኛን የለመዱት ከበርታኛቸው በኋላ፣ በገበያ ነው።

«ሻንጣዬን ልሸክፍ እማማ፣ ነገ መንገደኛ ነኝ።»

«ሻንጣ ይቆያል። ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ አባትህ ሞቷል።»

ዘመናይ በፌስታል የጠቀለለችውን ደብዳቤ ደረቷ ላይ ለጠፈች።

«ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሞላ ነገረኝ፣ አትንገር አለ። ሰው ሰብስቦ ሊነግርህ ፈለገ። ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ዛሬ ነገ አለ። እኛ ሞት አንደብቅም። ባቢከር ጠዋት ሞተ፣ ከሰዓት ቀበርን። አንተ ወደ ሞተ ሰው ስትሮጥ እኔ ለውዝ ልፈልፍል? ዋላሂ አልችልም!»

ዘጠኝ ቀን። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ከሦስት ኃላፊዎች ጋር ተጣልታለች፤ አባቷ ሲነሣ የሚመረኮዘው የቀርከሃ ከዘራም ገዝታለች። ከዘራው ከክፍሏ በር ጎን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሱን ስታይ ጮኸች።

ጎረቤቱ ጩኸቷን ሰምቶ ወጣ፤ ግን ሁሉም አጥሩ ጋ ደርሶ ቆመ። የፈሩት ፖሊስ አልነበረም፤ እሷን ነበር የፈሩት። አቶ ሞላም እያለከለኩ አጥሩ ጋ ደረሱ።

«ዘመናይ ልጄ፣ ወንድምሽ አደራ ብሎን ነው። መርዶ በሁለትና በሦስት ሰው አይረዳም አልን። ሰው እንጥራ ስንል ደግሞ፣ ሕጉን የምታስከብሪው አንቺው…»

«አባቴን እግዜር ይማርልኝ ስል አሜን ብለዋል እኮ ጋሼ! ከተቀበረ በኋላ፣ አይኔን እያዩ፣ አሜን ብለዋል!»

አቶ ሞላ አንገታቸውን ደፉ።

«በድለንሻል» አሉ። «እንግዲህ መንገዱም ይቅርብሽ። በዚህ በሽታ፣ በዚህ ዝናብ… ተቀብረዋል እኮ።»

«እናቴ አልተቀበረችም» አለች ዘመናይ። «ነገ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ኬላ ላይ ቢመልሱኝ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ።»

ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ሜጋፎኑን ከተሰቀለበት ሚስማር አውርዳ፣ ከዘራውን በሌላ እጇ ይዛ ወጣች። አጥሩ ጋ የቆመው ሰው ሜጋፎኑን ሲያይ ወደ ኋላ ማለት ጀመረ።

«ዛሬም ልትበትን ነው?» አሉ ወይዘሮ ኢቲዳል በቀስታ።

ዘመናይ ከክፍሏ ሁለት ወንበር፣ ከእሳቸው ቤት ሁለት ዱካ አውጥታ በረንዳው ላይ ደረደረች። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በአባቷ ከዘራ እየለካች አራራቀችው። ከዚያ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ሜጋፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። 

«ጎረቤቶቼ! ባለፈው ከዚህ ግቢ የበተንኳችሁ እኔ ነኝ። በድያለሁ። ዛሬ የምጠራችሁም እኔ ነኝ። ሕጉ አራት ይላል፤ እኛ ሁለት ነን። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ግቡ። አልቅሳችሁ ስትወጡ ሌሎች ይግቡ። ሲመሽ ይምሽ! ማልቀስ ግን የከለከለን የለም!»

አቶ ሞላ ጭንብላቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበው ቀድመው ገቡ፤ አንዲት አሮጊትም ተከተሏቸው። አቶ ሞላ ወደ ዘመናይ ሲያመሩ በከዘራው አስቆመቻቸውና ወደ ወይዘሮ ኢቲዳል አመለከተቻቸው።

«ቅድሚያ ለባቢከር ነው» አለች። «የኔ አባት ወረፋውን ይጠብቃል።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከወይዘሮ ኢቲዳል ማዶ ተቀመጠች።