ከመርዶ በፊት የመጣ ለቀስተኛ

ልደቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄ አስቀድሞ ይነገርለት። በስደት አገር፣ ካርቲየ 3 በሚባል ሰፈር ውስጥ የዓብዱልመጂድን ኢንተርኔት ቤት የሚያሠራ፣ ለሀገሩ ልጅ ሲሆን ደግሞ የከፈለበት ሰዓት ቢያልፍ እንኳ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው ነበር። አርብ አርብ፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ ሆዳን በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የሚሠሩት የሀገሩ ሴቶች ቤቱን ይሞሉታል። ስማርት ስልክ ገና የማዳሞች ብቻ ስለነበር ከቤተሰብ የሚገናኙት እዚያ ነው።

መስመሩ ግን እንደ ኤሊ ይንፏቀቃል። ዓብዱልመጂድ "አንድ ነገር ፍጠርለት" እያለ ነዘነዘው። ልደቱም ጓዳ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ተከለ፤ ብዙ ሰው የሚከፍተውን ገጽ ቀድሞ ይዞ እንዲጠብቅ። አስቸጋሪዎቹ እንደ ኢሜይል ያሉት የተቆለፉ ገጾች ነበሩ። የተቆለፈ ገጽ ሲመጣ የደንበኛው ኮምፒውተር ገጹን "ዋስህ ማነው?" ብሎ ይጠይቃል። ገጹ እውነተኛ ነው ብለው የሚፈርሙ፣ እሱ የሚያምናቸው ሰርተፊኬት ሰጪዎች ዝርዝር አለው፤ ከእነሱ አንዱ ካልፈረመለት ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ታዲያ ልደቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የራሱን ሰርተፊኬት ሰጪ ፈጠረና በየኮምፒውተሩ እየዞረ ከታመኑት ተርታ አስገባው። ከዚያ ወዲያ የጓዳው ኮምፒውተር የሰውን ኢሜይል መንገድ ላይ ይከፍታል፣ መልሶ ያሽጋል፣ በራሱ ዋስትና ያሳልፋል። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ፤ ገጹ ደህና ነው የምትለው የቁልፍ ምልክት እንደ ወትሮው ስክሪኑ ላይ ቁጭ ብላለች።

መስመሩ ፈጠነ። እዚህ ላይ ቢያቆም ምናለበት! ግን የተከፈተው ሁሉ ግልባጩ ጓዳው ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። ልደቱ መጀመሪያ "መሥራቱን ልይ" ብሎ አየ። ቀጥሎ ሥራ ሲቀዘቅዝ አየ። በኋላማ ሳያይ መዋል አቃተው። ያነበበውን ለማንም አያወራም፤ በዚህም ራሱን እንደ ጨዋ ሰው ይቆጥር ነበር። ጨዋነቱን እዩልኝ።

ከደንበኞቹ አንዷ ጽጌሬዳ ነበረች፤ ሆዳን አንድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የኮምቦልቻ ልጅ። ለእናቷ የምትጽፈው በወንድሟ በባንቴ ኢሜይል ነው። አንድ ቀን "ልደቱ፣ ይሄን ሌላ ሰው አያየውም አይደል?" አለችው።

"ቁልፏን አታዪያትም እንዴ? አይዞሽ" አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ባንቴ ለእህቱ የማይጽፈውን ለጓደኛዋ ለወለላ ይጽፍ ነበር፤ ወለላም የምታነበው እዚያው ቤት ነው። እናትየው ታማለች። "ሰው አገር ሆና ምን ታደርጋለች፤ እንዳትነግሪያት" ይላል። ሰንበት ብሎ "ባሰባት" አለ። ከዚያም "ጽጌን አምጡልኝ እያለች ነው" አለ። ልደቱ አንዱም አላመለጠውም። በመጨረሻ የመጣው ይሄ ነበር፦ "እናታችን አርፋለች። አርብ ጠዋት የሀገር ልጆችን ሰብስበሽ አርጂያት።"

አርብ ረፋዱ ላይ ልደቱ ንጹህ ሸሚዝ ለበሰ፤ አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክሞ ሴቶቹ ለዕረፍት ቀናቸው ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር በጋራ ወደተከራዩዋት ክፍል ሄደ። ከልቡ አዝኖ ነበር፤ ይሄም ይነገርለት። ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ የሚያረዱት ሽማግሌዎች ጠዋት አይመቸንም ስላሉ ወለላ መርዶውን ወደ ከሰዓት ማዛወሯን ነው። የተነጋገሩት በስልክ ነው፤ በስልክ የተባለ ደግሞ በልደቱ ጓዳ አያልፍም።

ጽጌሬዳ ፀጉሯን ታጥባ፣ ፎጣ ጠምጥማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ሲያያት እንባው መጣ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ ጽጌ" አላት።

ሳቀች። "በምኑ?"

ልደቱ ካርቶኑን እንደተሸከመ ደርቆ ቀረ። ፊቱን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

"ማን ነው?" አለች። "እማ ናት?"

ልደቱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በላይ ማርዳት የለም።

መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ይመጣል፣ የቅርብ ሰው ግራና ቀኝ ይቀመጣል፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ እጅ ይኖራል። ጽጌሬዳ ሲሚንቶው ላይ ስትወድቅ አጠገቧ የነበረው ልደቱ ብቻ ነው፤ እሱም እጁ ካርቶን ይዟል። ወለላ ጩኸት ሰምታ ከጎረቤት ሮጣ መጣች። ጓደኛዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቀና አለችና "አንተ ከማን ሰማህ?" አለችው።

ከሽማግሌዎቹ እንዳይል፣ አያውቁትም። ከባንቴ እንዳይል፣ ዓይቶት አያውቅም። ውሃውን አስቀምጦ ወጣ።

የዚያኑ ዕለት በየኮምፒውተሩ ዞሮ የፈጠረውን ሰርተፊኬት ሰጪ ከታመኑት ተርታ ሰረዘው፤ ጓዳ ያለውንም ነቀለ። መስመሩ ተመልሶ ይንፏቀቅ ጀመር፤ ዓብዱልመጂድ ጮኸበት።  የልደቱ ሐፍረት ግን አልቀለለም፤ የሀገሩን ሰው ከሩቅ ካየ መንገድ ይቀይር ነበር።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ጽጌሬዳ ጥቁር ለብሳ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ መጣች፤ ወሬው ከኢሜይሉ በቀር በሌላ ሊደርሰው እንደማይችል ከወለላ ጋር ደርሰውበታል። ምነው በሰደበችኝ ብሎ ተመኘ። እሷ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"የሁላችንንም ታነብ ነበር?"

"አዎ።"

"መታመሟን ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"አምጡልኝ ማለቷንም?"

ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "አዎ።"

"ወደ ሀገር ቤት የሚሄድ የጭነት መኪና መች ጠፍቶ ያውቃል" አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። "አንዱን ሾፌር ለምኜ በጋቢና እደርስባት ነበር።"

ወንበሯን አስጠጋችና ቀጠለች።

"ባንቴና ወለላ አዝነውልኝ ነው የደበቁኝ። ተቀይሜያቸዋለሁ፤ ግን ይገባኛል። አንተስ ለምን ደበቅከኝ?"

እንዳትሰበሪ ብዬ ሊላት አሰበ። የእኔ ቦታ አይደለም ብዬ ሊላትም አሰበ። ሁለቱም ውሸት ነበሩ።

"ማንበቤ እንዳይታወቅብኝ" አለ።

ጽጌሬዳ "እሺ" አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ልደቱ ተነስቶ ሊሸኛት አልደፈረም።